የዋዲ ፋጢማ ጉጉቶችና እኔ

ባለፈው ክረምት፣ እዚህ ኮምቦልቻ ከቤቴ ወረድ ብሎ ባለው ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሥር የኖረችውን ነጭ ጉጉት ጎረምሶች በወንጭፍ መትተው ጣሏት። ክንፏን ግራና ቀኝ ወጥረው ሲያዞሯት ደረስኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እጁን አጣጥፎ ይስቃል።

"እሰይ! ሟርተኛ ናት። እሷ ከጮኸች ሰው ይሞታል" ይላል።

ይህ ሰው በዚያው ሰሞን አይጥ ጆንያ እየቀደደ እህል ፈጀብኝ ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ሲያለቅስ ነበር።

"እና አይጡን ማን ሊበላልህ ነው?" ብዬ ጮኽኩበት።

"መርዝ አለ አይደል" አለኝ።

መርዝ የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ፈላ። ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝ። ሥራ አቁሜ ካገሬ ከገባሁ ወዲህ ሰዎች "ዓረብ አገር ምን ስትሠሪ ኖርሽ?" ሲሉኝ "የሰው ቤት" ብዬ አልፋቸው ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን የሥራ ዘመኔን ግን በጅዳና በመካ መካከል ባለ የቴምር እርሻ ጉጉት ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ከሥራዬ የተባረርኩትም በጉጉት ነው። አሁን ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ።

እኔ የሄድኩት የወሎ ሴት ሁሉ በሚሄድበት ዘመን ነው። ከኛ ሰፈር ልጃገረድ የቀረበት ቤት አልነበረም። አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችንም ተመሳሳይ ጥቁር ዐባያ ለብሰን፣ ተመሳሳይ ወረቀት ይዘን ነበር። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ደሞዝ ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ አልደግመውም።

የመጀመሪያው ቤቴ ጅዳ ውስጥ ባለ ትልቅ ቪላ ነበር። ወለል እጠርጋለሁ፣ ሩዝ እቀቅላለሁ፣ ልጆች አጥባለሁ። ማዳም ክፉ ነበረች ብዬ አልዋሽም። ፈሪ ነበረች። ጂን ትፈራለች፣ ዓይን ትፈራለች፣ የኛን የሠራተኞቹን እጅ ትፈራለች። ከክፉ ሰው ይልቅ ፈሪ ሰው እንደሚጎዳ ያወቅኩት ከእሷ ነው። ጁምዓ ከተፈቀደልኝ ጉለይል በሚባለው የጅዳ ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር በተጋራናት ክፍል አሳልፋለሁ፤ እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን መጀመሪያ የምናደርገው መተኛት ነበር።

የማዳም ባል፣ የአሠሪዬ የከፊሌ እናት ሐጃ ከልጃቸው ቪላ መኖር እምቢ ብለው ዋዲ ፋጢማ፣ ሟቹ ባላቸው ባቀኑት የቴምር እርሻ ነበር የሚኖሩት። ዓይናቸው ሲፈዝና ጉልበታቸው ሲዝል ጧሪ አስፈለጋቸው። ከፊሌ አንድ ቀን ኩሽና ገብቶ "ሩቅያ፣ ዕቃሽን ያዢ፣ ያላ" አለኝ። ወዴት እንደምሄድ እንኳ አልነገረኝም። መኪና ውስጥ ሆኜ ሸጠኝ ወይስ መለሰኝ እያልኩ አለቀስኩ።

ስንደርስ መግሪብ ተቃርቦ ነበር። ለውዱእ ውኃ ፍለጋ ከቤቱ ጀርባ ስዞር በድንጋይ የተገነባ አሮጌ፣ ደረቅ ጉድጓድ አየሁ። ከውስጡ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ያለ፣ ያልተቋረጠ ሽሽታ ይሰማል። "አዑዙ ቢላህ!" ብዬ ዞሬ ስሮጥ፣ ከቴምሩ ሥር በተደፋ ባልዲ ላይ የተቀመጡ ጥቁር ሽማግሌ ሳቁብኝ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ፣ በአማርኛ። "ጂን አይደለም። ሕፃናት ናቸው። ራት አምጡ ይላሉ።"

"የማን ሕፃናት?"

"የቡማ። ያገራችሁ ሰው ጉጉት ይላታል።"

እኒህ ሰው ዐም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ ይባላሉ። አያቶቻቸው ከወሎ ለሐጅ ወጥተው መካ የቀሩ ናቸው። እሳቸው መካ ተወልደው፣ መካ አድገው፣ ከሴት አያታቸው የለመዱትን የድሮ የወሎ አማርኛ በዓረቢኛ እየጠገኑ ይናገራሉ። የእርሻው ተቆጣጣሪ ናቸው። ቴምሩን የሚያራቡት፣ የሚገርዙት፣ የሚያወርዱት እሳቸው ነበሩ።

"ቆይ፣ አትሂጂ" አሉኝ። "ጀርባሽን ለጉድጓዱ ስጪና ተቀመጪ። ፊትሽን ካየች አትገባም።"

ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ከራሴ በላይ አንድ ነጭ ነገር አለፈ። አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ርግብ ሲነሳ እንኳ ክንፉ ያጨበጭባል፤ ይህቺ ግን ጨርቅ በነፋስ እንደሚሄድ ነበረች። ፊቷ ነጭ፣ እንደ ልብ ቅርጽ የተሰነጠቀ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ጥቁር ዓይኖች። በእግሯ አይጥ ይዛለች። ጉድጓዱ ውስጥ ስትገባ ሽሽታው ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

"በሉ" አሉ ዐም ኢድሪስ፣ ራሳቸው የበሉ ያህል ደስ ብሏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጃን ካጠብኩ፣ ካበላሁና ቁርኣን ከቀራሁላቸው በኋላ የሚተርፈኝን ጊዜ በሙሉ ከዐም ኢድሪስ ጋር ነበርኩ። ሐጃም ወደዱት። ማታ ማታ "ወጣች?" ብለው ይጠይቁኛል። "ወጣች ሐጃ" ስላቸው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ጋደም ይላሉ።

ዐም ኢድሪስ አስተማሪ ነኝ አይሉም። ያደርጋሉ፤ አንቺ ታያለሽ። ወደ ጉድጓዱ ሲቀርቡ ከሩቅ ይስላሉ፤ ድንገት መድረስን እንደ ብልግና ይቆጥሩታል። እንቁላል ባለበት ሰሞን ጨርሶ አያዩም፤ የደነገጠች እናት ትታ ልትሄድ ትችላለች። ሽቶ የተቀባ ሰው ወደ ጉድጓዱ አይደርስም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጉጉት አይጡን ሙሉውን ነው የምትውጠው፤ ሥጋው ሆዷ ውስጥ ይልማል፣ ፀጉሩና አጥንቱ ግን ተጠቅልሎ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር እንክብል ሆኖ በአፏ ይወጣል። ዐም ኢድሪስ እነዚያን እንክብሎች ከጉድጓዱ ሥር ይለቅሙና በሻይ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ። ከዚያ በእሾህ ይፈቱታል። የአይጥ ራስ ቅል ለብቻ፣ የወፍ ለብቻ፣ የእንሽላሊት ለብቻ።

"የበላችውን ሳታውቂ ጤናዋን አታውቂም" ይሉኝ ነበር።

ብዙ ነገር በዚያ ተማርኩ። እናትየው እንቁላሎቿን በአንድ ጊዜ አትጥልም፤ ቀን እያሳለፈች ነው። ከመጀመሪያው እንቁላል ጀምራ ስለምታቅፍ ልጆቹም እንደዚያው ቀን እያሳለፉ ይፈለፈላሉ፤ እንደ ደረጃ ናቸው። ትልቁ ላባ ሲያወጣ ትንሹ ገና ሮዝ ሥጋ ነው። እሷ ስታቅፍ የሚያድነው ወንዱ ነው፣ የሚመግባትም እሱ። ጆሮዎቿ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ጭለማ ውስጥ አይጥ ቅጠል ስትረግጥ ከየት እንደሆነ ታውቃለች። ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዐም ኢድሪስ አንድ አመሻሽ በመስታወት ብርሃን ወደ ውስጥ መልሰው አሳዩኝ። የጠገበው ትልቁ ጫጩት የራሱን ድርሻ በአፉ ይዞ ለትንሹ ሲያቀብል አየሁ። የሰው ልጅ ወንድሙን የማያጎርስበት ዘመን ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ዐም ኢድሪስ የሚቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። "ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በወፍ ገድ አትበሉ ብለው ጨርሰዋል" ይላሉ። "መካ፣ ሐረም መስጊድ ውስጥ ለርግብ ስንዴ የሚበትነው ሰውዬ፣ ከሐረም ድንበር አንድ እርምጃ ሲወጣ ቡማን በድንጋይ ይወግራል። አላህ አንዱን ወፍ ፈጥሮ ሌላዋን ማን ፈጠራት ሊል ነው?"

ነገሩ የተበላሸው በእነዚያ እንክብሎች ነው። እኔም መፍታቱን ስለለመድኩ ጥቂቶቹን በወረቀት ጠቅልዬ በካርቶን ክፍሌ አስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ማዳም ከባሏ ጋር ከጅዳ መጣች። እንደ ልማዷ ክፍሌን ፈተሸች። ፀጉርና አጥንት የተጠቀለለበት ጥቁር ነገር በኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ክፍል ሲገኝ ምን እንደሚባል እዚያ የኖረ ያውቃል።

"ሲሕር!" ብላ ጮኸች። "ሲሕር ሠርታብናለች!"

"ወላሂ ማዳም፣ የቡማ ትፋት ነው" አልኩ።

"ሰማህ? በቡማ ነው የምትደግምብን! ለዚህ ነው ልጄ የማይተኛው!"

ከፊሌ ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ። በዚያ አገር በሲሕር፣ በጥንቆላ መከሰስ ቀልድ አይደለም፤ ከእስር አልፎ አንገት የሚያስቀላ ክስ ነው። ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ዐም ኢድሪስ ሊያስረዱ ቢሞክሩ "አንተም ከነሱ ነህ" ተባሉ። ተወልደው ባደጉበት አገር!

ያተረፈችኝ የሐጃ ድምፅ ናት። ከአልጋቸው ሆነው "ስልኩን አስቀምጥ" አሉ።

"እማ፣ አንቺ አታውቂም..."

"ቡማዋ አንተ ሳትወለድ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። አባትህ አትንኳት ብሎ ነው የሞተው። ሲሕር ከሆነ የአባትህ ሲሕር ነው። ደውልና በአባትህ ላይ መስክር!"

ስልኩ ወደ ኪስ ተመለሰ። ማዳም ግን "ወይ እኔ ወይ ቡማዋ" አለች። ከፊሌ እናቱንም ሚስቱንም ላለማስቀየም መሐል የመሰለውን መንገድ መረጠ። በሚቀጥለው ሳምንት በካርቶን መርዝ አመጣ፤ ሰማያዊ፣ እህል የመሰለ። "አይጡ ካለቀ ቡማዋ ራሷ ትሄዳለች። ማንም አልነካትም" አለ።

ዐም ኢድሪስ ለመኑት። "ልጄ፣ ይህ መርዝ ወዲያው አይገድልም። አይጡ ቀናት እየተንገዳገደ ይቆያል። ቡማ የምትይዘው የሚንገዳገደውን ነው።"

"ኻላስ ኢድሪስ። ተነጋግረን ጨርሰናል።"

መርዙን እንድንበትን እኛን አዘዘን። እምቢ አልን። ሌላ ሠራተኛ ከከተማ አምጥቶ አስበተነ።

በአንድ ዐስር ሰዓት እናትየዋን ከውኃ ታንከሩ አጠገብ መሬት ላይ አገኘኋት። በጠራራ ፀሐይ ጉጉት መሬት ላይ አትቀመጥም። ክንፏ ተንጠልጥሏል፣ ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል። ስይዛት አልታገለችኝም። በሻሼ ጠቀለልኳትና በዐም ኢድሪስ ዊኒት፣ በዚያች አሮጌ ፒክአፕ፣ ወደ ጅዳ በረርን። የመጀመሪያው የእንስሳት ሐኪም ከበር ላይ መለሰን። "ድመት አክማለሁ። ይህቺን ግን ከዚህ አውጡልኝ፣ ደንበኞቼ ያያሉ" አለ። የተማረ ሐኪም! ከዚያ ፔትሮሚን እስከሚባለው የጋራዥ ሰፈር ሄደን፣ በጋራዦቹ መካከል የከብት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው የደም መርጊያውን ቫይታሚን ኬ ሰጠን። መርፌውን ዐም ኢድሪስ መኪናው ውስጥ ወጉላት። ስንመለስ ካራንቲና በሚባለው የድሃ ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘጋ። በቀን ሥራ ደክመው የሚመለሱ ሐበሾችና አፍሪካውያን በመስኮቱ እያዩን ያልፋሉ። እዚያ ጭኔ ላይ ሞተች። ክብደቷ ከአንድ ቅል ውኃ አይበልጥም ነበር።

ልጆቿ ቀሩ። አባትየው ደግሞ ማደኑን አላቆመም። አሁንም ንዴቴ የማይበርደው እዚህ ላይ ነው። ያ ምስኪን ከመግሪብ ጀምሮ እየተመላለሰ፣ ልጆቹን የሚገድለውን አይጥ በታማኝነት ያመጣላቸዋል። ልናስቆመው አልቻልንም። ዐም ኢድሪስ በዚያ ዕድሜያቸው በገመድ ወረዱና ጫጩቶቹን በቴምር ዘንቢል አወጧቸው። ሰው እንዳይለምዱ ፊታችንን በጨርቅ ሸፍነን፣ ከቄራ ያመጣነውን ንጹሕ የዶሮ ሥጋ ከነአጥንቱ ከትፈን፣ መድኃኒት እየጨመርን አበላናቸው። ረፈደ። ከትንሹ ጀምሮ አንድ በአንድ ሄዱ። ትልቁ የመጨረሻው ነበር። ሊሞት ሲል እንኳ የሰጠሁትን ሥጋ አልዋጠም፤ ባዶ ወደሆነው ወደ ጎኑ ገፋ አደረገው። ከዚያ በኋላ አባትየውንም ከቴምሩ ሥር ወድቆ አገኘነው።

ማን ተጠየቀ? ማንም። ለከፊሌ ስንነግረው "ወፍ ናት" አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነውና፣ አይጡ በመጪው የቴምር ወቅት በእጥፍ ተመልሶ መጣ። የመስኖውን ቱቦ ቆረጠ፣ ቴምሩን ከዘለላው ላይ በላ። ከፊሌ ሌላ መርዝ አመጣ። በዚያኛው ዙር የሐጃ ድመት ሞተች፤ እግራቸው ሥር የምትተኛው። ሐጃ ያን ጊዜ ልጃቸውን አስጠርተው "እኔ በሕይወት ሳለሁ መርዝ ከዚህ ግቢ ቢገባ ወተቴን ይቅር አልልህም" አሉት። ለሁለት ጉጉትና ለልጆቻቸው ያልተባለው ለድመት ተባለ። ቢሆንም መርዙ ቆመ።

ዐም ኢድሪስ ፔትሮሚን ከሚገኝ አናጢ ከአሮጌ የቴምር ሳጥን እንጨት ጎጆ አሠሩ። መግቢያው ስንዝር፣ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ጫጩት እንዳይወድቅ። አፉ ወደ ሰሜን፣ ፀሐይ እንዳይገባ። ወለሉ ላይ ያስቀመጥነውን የድሮ እንክብል አፍርሰን በተንን፤ ሽታውን ቤት እንዲያደርጉት። ከረጅሙ ቴምር ላይ ሰቀልነውና ጠበቅን። ወቅት አለፈ፣ ሌላ ወቅት መጣ። በመጨረሻ ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው ከኔ ቀድመው ሰሙ። "ጮኸች" አሉኝ፤ እንባቸው ወረደ። ሁለት ሆነው መጥተው ነበር። ያን ሁሉ የለፋንበትን ሳጥን ግን ዘወር ብለው አላዩትም፤ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ገቡ። ዐም ኢድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሐበሻ ናቸው፣ የአያታቸውን ቤት አይለቁም" አሉ።

ሐጃ ግን ልጆቹ ሲፈለፈሉ አላዩም። አላህ ይርሐማቸው። ሐዘኑ ሳይወጣ ከፊሌ እርሻውን ወደ እስቲራሃ፣ የከተማ ሰው ለዕረፍት ቀን የሚከራየው መዝናኛ፣ ሊለውጠው ተነሳ። መዋኛ ይቆፈራል፣ ሣር ይነጠፋል፣ አሮጌው ጉድጓድ ይደፈናል።

"ውስጡ ልጆች አሉ" አልኩት። "ላባቸው እየወጣ ነው። ትንሽ ብትታገሥ ይበራሉ።"

"ነገ ጠዋት መኪናው ይመጣል" አለኝ።

ጠዋት የአፈር መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ መጣ። ሄጄ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ካራንቲና ላይ ጭኔ ላይ የሞተችውን አስታውሼ ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማየት ስላልቻልኩ። ከፊሌ "ውረጂ ያ መጅኑና፣ አንቺ እብድ!" እያለ ይጮሃል። ሾፌሩ ፓኪስታናዊ ነበር። ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ሞተሩ ሲጠፋ ሽሽታው ተሰማ።

"ሕፃናት?" አለኝ፣ በተሰባበረ ዓረቢኛ።

"ሕፃናት።"

ወደ ከፊሌ ዞሮ "ዛሬ አልደፋም" አለ። ስድቡን ሁሉ ተቀብሎ፣ ጭነቱን እንደያዘ ሄደ።

ከፊሌ ወደኔ መጣ። "ሌላ ሾፌር አለ። አንቺ ግን ኹሩጅ ትወጫለሽ፣ ለሁልጊዜ። ኻላስ።"

"ልውጣ" አልኩት። "ልጆቹ እስኪበሩ ግን ጉድጓዱ አይነካ።"

ሳቀ። ያን ጊዜ ዐም ኢድሪስ ከቴምሩ ሥር ተነሱ። በሕይወታቸው ለአሠሪ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

"ቴምሩ ደርሷል" አሉት። "ጉድጓዱን ከነካህ ዛሬውኑ መካ እገባለሁ። ቴምርህን ወጥተህ ራስህ አውርድ።"

ከፊሌ ወደ ላይ፣ ወደ ከበዱት ዘለላዎች አየ። እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም፤ አይጡን ማን እንደበላው ግን አልጠየቀም። "እስኪወርድ ድረስ" አለ። ለኔ ግን ምሕረት አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን እናቱን አጥቤ፣ ቁርኣን ቀርቼላቸው፣ ገንዤ ከሸኘሁለት ቤት በአንዲት ሻንጣ አስወጣኝ። ለወፍ ቆምሽ እንጂ ለሰው አልቆምሽም ያሉኝ የአገሬ ልጆችም ነበሩ። ጭነት የሚደፋበት ላይ ሕፃን ካለ የማን ሕፃን ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ኮምቦልቻ ከገባሁ ከሳምንታት በኋላ ስልኬ ጠራ። ዐም ኢድሪስ ነበሩ።

"ሩቅያ ልጄ፣ በረሩ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። የመጨረሻዋ ጠርዙ ላይ ቆማ ስታመነታ ብዙ አመሸች። እናትየው ከቴምሩ ላይ አይጥ አሳይታ ጠራቻት።"

"ጉድጓዱስ?"

"ደፈኑት። ያው ፓኪስታኒ ነው ተልኮ የመጣው። ባዶ ነው አልኩት፣ አላመነኝም። በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ወደ ውስጥ ሰጠ። ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ አቧራውን አራገፈና ቢስሚላህ ብሎ አፈሩን ለቀቀው።"